የእትዬ የሺ የክርስትና ልጆች

የእትዬ የሺን ማረፍ የነገረኝ ሰይድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሞጣ ደወለና ሰላምታውን ከልክ በላይ አስረዘመው፤ ቤተሰቤን፣ ጤናዬን፣ የቢቸናን ዝናብ ሳይቀር አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ “መምህር፣ ሰኞ ክፍል አለህ?” አለኝ። አለኝ አልኩት። “እንግዲያው ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቅ” አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኔም ማን ብዬ አልጠየቅሁትም። እትዬ የሺ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሞጣ ታናሽ እህቷ ዘንድ ነበረች፤ ልቧም ከደከመ ሰንብቷል። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ፣ እሷ ብትሰማው ኖሮ “መርዶም በፈቃድ ወረቀት ሆነ?” ብላ ሰይድን እንዴት እንደምታሾፍበት ትዝ አለኝና ሳቅሁ።

እትዬ የሺ፣ ሙሉ ስሟ የሺወርቅ፣ ቢቸና ውስጥ እኔ አማርኛ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ነበረች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ሴት ናት። ሰማያዊ ጋውኗ ላይ ነጠላ ትደርባለች፤ በጋውኑ ኪስ ካቻቢቴ፣ በነጠላው ጫፍ መነጽር አይጠፋም። መነጽሩን ስትፈልግ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠረጥረው እኔን ነበር።

አዲስ ገብቼ ሳለ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አንቱ ብዬ ጀመርኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ “አንቱ የሚባል ሰው ጠረጴዛ ሥር በሆዱ አይሳብም። እኔ ደግሞ ዛሬ ሁለት ጊዜ መሳብ አለብኝ፤ አንቺ በለኝ” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እያልኩ አንቺ ስላት ኖርኩ። እሷ በበኩሏ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም፤ “አማርኛ” ነበር የምትለኝ። “አማርኛ፣ ና ይቺን ያዝልኝ።”

አንድ ልማድ ነበራት። የኮምፒውተር ክዳን ልትፈታ ስትል በካቻቢቴው እጀታ ቀስ ብላ ሁለቴ ታንኳኳና “ቤቶች” ትላለች። ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ ነው ብሎኑን የምትነካው። ተማሪዎቹ ሲስቁ፣ “እናንተ ሰው ቤት ሳታንኳኩ ነው የምትገቡት?” ትላቸዋለች ኮስተር ብላ። ዓመቱ ሳይጋመስ እነሱም ሳያንኳኩ ክዳን መክፈት ያፍሩ ጀመር።

ታሪኩ የሚጀምረው ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ሲመጡ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ሊሆን ነው ተብሎ ነበር፤ አንድ በጎ አድራጊ ለእኛም ለሞጣም ትምህርት ቤት እኩል እኩል ላከ። ደስታችን አንድ ቀን ብቻ ቆየ። አንዷን ከፍተን ኔትወርክ ስናስገባት ትገባለች፤ ሁለተኛዋን ስናስገባ የመጀመሪያዋ ትወጣለች። ሦስተኛዋ ስትገባ ሁለተኛዋ ትወጣለች። ርዕሰ መምህራችን ዕቃው የተበላሸ ነው ብሎ ሊመልሰው ካርቶን ማስፈለግ ጀምሮ ነበር።

እትዬ የሺ ግን ሁለት ቀን አጠገባቸው ተቀምጣ በሦስተኛው ቀን መምህራን ማረፊያ ገባችና፣ “አልተበላሹም። ስም የላቸውም” አለችን።

ያስረዳችኝን እኔ እንደገባኝ ልናገር፤ እንደገባኝ ማለቴ ብዙ አልገባኝም ለማለት ነው። ሽቦ አልባው ኔትወርክ የሚሠራበት ቺፕ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ ማክ አድሬስ ይሉታል። ፋብሪካው ነው ሆዱ ውስጥ ጽፎለት የሚልከው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ራውተር እያንዳንዷን ኮምፒውተር የሚለያት በዚያ ቁጥር ነው። የእኛዎቹ ርካሽ ስለሆኑ ፋብሪካው ቦታውን ባዶ ትቶት ነበር። ከርነል የሚባል የኮምፒውተሩ የውስጥ አዛዥ አለ፤ ከቺፑ ጋር የሚያነጋግረው አስተርጓሚ ደግሞ ድራይቨር ይባላል። ድራይቨሩ ቺፑን “ቁጥርህ ስንት ነው?” ብሎ ሲጠይቅና መልስ ሲያጣ፣ አንድ ውስጡ የተጻፈ ቁጥር አውጥቶ ይሰጠዋል። ለሁሉም ያንኑ አንዱን ቁጥር።

“አንድ ክፍል ተማሪ ሁሉ አበበ ቢባል ስም ስትጠራ ምን ይሆናል?” አለችኝ።

“ሁሉም አቤት ይላሉ።”

“የኛ ራውተር ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ሁለተኛው አቤት ሲል የመጀመሪያውን ያስወጣዋል።”

መፍትሔው ድራይቨሩን ከፍቶ፣ ባዶ ሆኖ ለተገኘ ቺፕ የራሱን ቁጥር እንዲያወጣለት አድርጎ እንደገና መጻፍ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በኮምፒውተሯ የውስጥ ሰሌዳ ላይ የታተመውን ተራ ቁጥር ወስዶ ይገላገል ነበር። እትዬ የሺን ግን ይህ አላስደሰታትም። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት እንዳለች አነበበች፤ ምልክቷ ከበራች “ይህን ቁጥር የሰጠኝ ፋብሪካው ሳይሆን ያለሁበት ቤት ነው” ማለት ነው። ያን ቀን ማንም አልቻላትም። “አየህ አማርኛ፣ ዓለም ሁሉ ተስማምቶበታል። ፋብሪካ ያወጣው ስም አለ፣ ቤት የሚያወጣው ስም አለ። የክርስትና ስም ነው እኮ” አለችኝ።

እናም የክርስትና ስም አወጣችላቸው። እኛ አገር ሕፃን የክርስትና ስሙን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከዕለቱ ቅዱስ ነው፤ በእነሱም ላይ እንደዚያው ሆነ። ኮምፒውተሯ መጀመሪያ ስትከፈት ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ትጽፍላታለች፤ ድራይቨሩ ከዚያ ቀን ቁጥሯን ሠርቶ ለዘለዓለም ይይዝላታል። ቁጥር እንዳይደገም በቀን አንዲት ብቻ ነበር የሚከፈተው። ርዕሰ መምህሩ “ሁሉንም ዛሬ ክፈቻቸውና እንገላገል” ሲላት፣ “መንታ ካልሆነ በቀር በአንድ ቀን ሁለት ልጅ የሚወለድበት ቤት የት አይተሃል?” አለችው። መንታም ቢሆን ብሎ ሊከራከራት ፈልጎ ተወው።

ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ተገጣጥሞ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ መብራት ከጠፋ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ወፍጮ በተነሣ ቁጥር ደግሞ መብራቱ ይርገበገባል። ሁለት ጊዜ ከሀ ከጀመረች በኋላ በሦስተኛው ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሄዳ ቆመች። እህላቸውን ተሸክመው የመጡት ሴቶች ተቆጡ። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ እኔ ስደርስ ባለወፍጮው ማሽኑን አቁሞ፣ ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ “ስሙ ወጣላቸው ወይ?” እያለች በመስኮት ትጠይቅ ነበር።

የመጀመሪያዋ በኅዳር ሚካኤል ተከፈተችና ወለተ ሚካኤል ተባለች። እትዬ የሺ ስሟን በትንሽ ወረቀት ጽፋ ከፊቷ ለጠፈችባት። በነጋታው ሌላዋ፣ በሣልስቱ ሌላዋ። የእኔዋ በኪዳነ ምሕረት ዕለት የተከፈተችው ወለተ ኪዳን ናት። የእኔዋ ማለቴ፣ ልጅ ያለ ክርስትና አባት ክርስትና ስለማይነሣ እያንዳንዳችን አንዳንድ ታድለን ነበር። ለሴት ልጅ የሚገባት የክርስትና እናት እንደሆነ ብንነግራትም፣ “ያሉን ሴት መምህራን አይበቁም” ብላ ዘግታዋለች። የክርስትና አባት ግዴታው ቀላል ነው፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት መጥቶ የልጁን አቧራ መጥረግ። የቀረ ሰው ስሙ በመምህራን ማረፊያ ይነሣል። የሒሳቡ መምህር ሁለት ሰኞ ቢቀር “ልጁን የካደ” ተብሎ አንድ ወር ሻይ አብሮት የሚጠጣ አጣ።

ሰይድ የሞጣው የአይሲቲ መምህር ነው። የእሱም ትምህርት ቤት በዚያው በሽታ ስለተያዘ እትዬ የሺ ድራይቨሩን ላከችለትና በስልክ ታሠራው ጀመር። “እትዬ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የክርስትና አባት የሚባለው ላይ ባታስገቢኝ” አላት።

“በል አንተ አጎት ሁን። ልጅ አጎት ያስፈልገዋል፤ ማን ይቆጣው?”

በዚያ ተስማሙ። እሷ ቢቸና ላይ አንዷን ስትከፍት ወዲያው ትደውልለትና “ዛሬ ከፍቻለሁ፣ አንተም ክፈት” ትለዋለች፤ እሱም ሞጣ ላይ አንዷን ይከፍታል። በማግሥቱም እንደዚያው። ስም አይለጥፍባቸውም፤ ቀናቸውን ግን እሷ እንዳለችው ይጽፍላቸዋል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው፣ በየቀኑ እንኳን ማርያም ማረችሽ እየተባባሉ ጨረሱ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ አልዘገየም። ቄስ እንየው የእትዬ የሺ የንስሐ አባት ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከወዳጅም ከባላጋራም ጋር በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚነጋገሩ ቄስ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ አስቆሟት፤ እኔም አብሬ ቆምኩ።

“የሺወርቅ፣ ብረት ታጠምቃለች የሚሉት እውነት ነው?”

“አላጠመቅሁም አባ። ውኃ ቢነካቸውማ ይቃጠላሉ። ስም ነው ያወጣሁላቸው።”

“ለብረት ስም ምን ያደርግለታል?”

“አዳም ለእንስሳቱ ሁሉ ስም አውጥቶ የለም እንዴ? ማንም አልተቆጣውም።”

“አዳም ወለተ ሚካኤል ያላት ላም መኖሯን አላነበብኩም” አሉ ቄስ እንየው። “ከሁሉም የገረመኝ፣ ለዚችው ለወለተ ሚካኤል የክርስትና አባት እኔ ነኝ አሉ።”

“የመጀመሪያዋን ለንስሐ አባቴ ነዋ። ለማን ልስጥ?”

“ሳልጠየቅ?”

“እርስዎ ክርስትና ሲነሡ ተጠይቀው ነበር?”

ቄስ እንየው፣ “እኔ የብረት አባት አይደለሁም። ደጁንም አልረግጥ” አሉና መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሳቁ ይቆጡ ከኋላቸው ሆነን መለየት አልቻልንም። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ እትዬ የሺ ወለተ ሚካኤልን እራሷ ትጠርጋት ጀመር፤ ስትጨርስም ጮክ ብላ “ስለ ቄስ እንየው” ትላለች። በየእሑዱ ደግሞ መስቀል ስትሳለም ወደ ጆሯቸው ጠጋ ትልና “ልጅዎ አቧራ ለብሳለች” ትላቸዋለች።

ይህ ሁሉ ጨዋታ የማይሆንበት ቀን መጣ። የሚፈተኑት ተማሪዎች ከኮምፒውተሮቻችን በዝተው ተገኙ። የሞጣ ልጆች የሚፈተኑት ከእኛ በኋላ በሌላ ዙር ስለሆነ የእነሱን ልንዋስ፣ ከዚያ የእኛን ልናውሳቸው ተስማማን። ከፈተናው በፊት ሙከራ ይደረጋል፤ ከዞን የሚመጣ ተቆጣጣሪ ሁሉም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ኔትወርክ ላይ ሲቆዩ ካየ ልጆቻችን እዚሁ ይፈተናሉ። ካልቆዩ ለፈተናው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ።

ለብዙዎቹ ደብረ ማርቆስ መንገዱና ወጪው ነበር የከበዳቸው። ለማስተዋል ግን መሄድ የሚባል ነገር አልነበረም። ማስተዋል የቄስ እንየው ልጅ ናት። እናቷ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም፤ የምታገላብጣቸው፣ የምታጥባቸው፣ የምታጎርሳቸው እሷ ናት። ሳምንት ሙሉ ትታቸው እንደማትሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከክፍሉ አንደኛ መሆኗንም እናውቃለን። እትዬ የሺ ወለተ ሚካኤል ፊት አስቀመጠቻትና፣ “በአባትሽ በኩል እህትሽ ናት፤ እሷ ላይ ተፈተኚ” አለቻት። ማስተዋል ለአባቷ እንዳይነገር ለምና ተቀመጠች።

ሰይድ ኮምፒውተሮቹን በሚኒባስ ይዞ መጣ። ኮርኮንቹን ፈርቶ ለተሳፋሪው ሁሉ አንድ አንድ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አሳቅፎታል። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈሩ አንዲት አሮጊት ያን ሁሉ እቅፍ አይተው፣ “የት ነው ክርስትናው?” ብለው ጠየቁ አለን። እትዬ የሺ ይህን ስትሰማ የሳቀችው ሳቅ እስከ ግቢው በር ተሰምቷል። እንዲያ የሳቀችው ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ለዚያ ቀን ማለቴ ነው።

ተቆጣጣሪው ትሕትና ያለው ወጣት ነበር። ሁሉም ተማሪ ተቀመጠ፣ ሁሉም ከፈተ። ወዲያው ማስተዋል እጇን አወጣች።

“እትዬ፣ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል፤ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ።”

እሱ ያለችው ከሞጣ የመጣችው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ነው። ከኋላ ሌሎች ሁለት እንደዚያው አሉ። ከዚያ ሌሎች ሁለት። ክፍሉ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መባረር ጀመረ።

እትዬ የሺ ያን በሽታ በገዛ እጇ ስላዳነችው ተመልሶ ይመጣል ብላ ማመን አልቻለችም። ራውተሩን ወቀሰች። መብራቱን ወቀሰች። ባለወፍጮውን ወቀሰች፤ ወፍጮው ያን ቀን ዝግ ነበር። በመጨረሻ ወደ ሰይድ ዞረችና፣ “ሞጣ ምን አብልተሃቸው ነው እንዲህ የሚጣሉት?” አለችው።

“ያልሽኝን ነው ያደረግሁ” አለ ሰይድ ተቀይሞ። “በከፈትሽ ቀን ከፈትኩ፣ የጻፍሽውን ቀን ጻፍኩ።”

 እትዬ የሺ መነጽሯን ከነጠላዋ ፈትታ አደረገችና የማስተዋልን ቁጥር አየች፤ ሄዳ የልጁን ቁጥር አየች። አንድ ነው። ኅዳር ሚካኤል። ቢቸናና ሞጣ ለየብቻ ሳሉ በአንድ ቀን ተወልደው አንድ ስም ቢኖራቸው የሚጎዳው አልነበረም፤ አሁን በአንድ ቤት ተገናኙ። በየማለዳው በስልክ እየተደዋወሉ፣ እየተመራረቁ፣ ሁሉንም ጥንድ ጥንድ አድርገው ነበር ስም ያወጡላቸው።

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየና እስከ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ሰጠን።

“ደብር እንጨምርበታለን” አለች እትዬ የሺ ቁጭ ብላ። “ሰው ሲጠየቅ ስሙንና ደብሩን አይደል የሚናገረው?” ከቀኑ ኋላ የየደብሩ ታቦት የሚከበርበትን ቀን ቁጥር እየጨመረች ለእኛዎቹም ለሞጣዎቹም በፍጥነት ጻፈች። አስነሣቻቸው። ማስተዋል ገባች፤ ልጁ ወጣ።

ሰይድ ከኋላዋ ቆሞ ስታደርግ ያይ ነበር። “እትዬ” አላት ቀስ ብሎ፣ “የቢቸናውም ጊዮርጊስ ነው፣ የሞጣውም ጊዮርጊስ ነው እኮ።”

ሁለቱም ላይ የጊዮርጊስን ቀን፣ ሃያ ሦስትን፣ ጽፋለች። እሷ አላየችውም፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስታስቀድስ የኖረች ሴት አላየችውም። ሌላ ቀን ቢሆን ወለሉ ላይ ወድቀን በሳቅን ነበር።

ርዕሰ መምህሩ መጣና፣ “ለምን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አትያቸውም? በቃ” አላት።

“እስረኛ ናቸው?”

“እትዬ” አልኳት እኔ፣ ያን ቀን ብቻ ተቆጥቼባት፣ “ልጆቹ ማርቆስ ሊሄዱ ነው።”

ማስተዋል ከወንበሯ ተነሥታ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ነበር። አላለቀሰችም፤ ማንንም አልወቀሰችም። “እትዬ፣ እናቴን የማገላብጥበት ሰዓት ደርሷል፤ እኔ ልሂድ። ማርቆስ ከሆነ እኔን አትቁጠሩኝ” አለች።

የእትዬ የሺን ፊት እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ልጅቷን በእጇ ያዘችና ወንበሯ ላይ መልሳ አስቀመጠቻት። “እናትሽን ዛሬ አማርኛ ሄዶ ጎረቤት ይጠራላቸዋል። ተቀመጪ” አለቻት። ከዚያ ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ዞረች። ያን ሁሉ ኅዳርና ታኅሣሥ ቀን ቆጥራ ያወጣችውን ስም ልታጠፋ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ልትላቸው ጣቷን አነሣች። አልተከራከረችም፤ አልቀለደችም። እኔ ልውጣ ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ቆምኩ።

“ቆይ” አለ ሰይድ።

እጇ ባለበት ቆመ።

“የእናንተዎቹን አትንኪያቸው። የእኔዎቹ የተከፈቱበትን ቀን በኛ፣ በሂጅራ አቆጣጠር ጻፊላቸው። ቀኑ ያው ቀን ነው፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። ወሩም ዓመቱም አይገናኝም።”

እትዬ የሺ መነጽሯን አወለቀች።  “አንተ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?”

“እዚሁ። አጎት ነኝ፤ ማን ጠየቀኝ?”

ሰይድ ስልኩ ላይ የሂጅራውን ቀን እያየ ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ ሮጬ ጎረቤት ጠርቼ ስመለስ የመጨረሻዋ እየተነሣች ነበር። ሁሉም ገቡ። የወጣ አልነበረም። ተቆጣጣሪው በወንበሮቹ መካከል ተመላለሰ፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ “ጥሩ ነው፤ ልጆቹ እዚሁ ይፈተናሉ” አለ። እትዬ የሺ አመስግናው ወጣችና የግቢው ውኃ ቧንቧ ሥር ቆማ ፊቷን ስትታጠብ ቆየች። ሰይድን በኋላ “ከአጎትም አጎት” እያለች ለወር ያህል አስተዋወቀችው።

ማስተዋል ወለተ ሚካኤል ላይ ተፈተነች፤ በየቀኑ ከፈተና ወጥታ እናቷ ጋ ሮጠች። ውጤቷ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እናቷን አክስቷ ያዘቻቸው። ቄስ እንየው በየትኛዋ ላይ እንደተፈተነች ሰምተዋል፤ ስለ ነገሩ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ደጁንም አልረገጡም። እትዬ የሺ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሰኞ ሰኞ ስለ እሳቸው ጠረገች። ከሄደች ወዲህ የሰኞው ልማድ በእኛ ዘንድ ላላ፤ አንዳንዱ ይጠርጋል፣ አንዳንዱ ይረሳል፣ የሚቆጣ ሰው የለም።

ከሞጣ አምጥተው ቢቸና ቀበሯት። ሰይድ ከቀብሩ ጀምሮ ከድንኳኑ አልጠፋም፤ ወንበር ሲያመላልስ፣ እንግዳ ሲያስቀምጥ አጎት መስሎ ነበር። ማስተዋልም ደርሳለች። ሰልስቱ ሰኞ ዋለ። ጸሎቱ ካለቀና ሰው መበታተን ከጀመረ በኋላ ቄስ እንየው ወደ እኔ መጥተው፣ “የዚያ ክፍል ቁልፍ ከማን ዘንድ ነው?” አሉኝ።

ከእኔ ዘንድ ነው አልኳቸው። ልጃቸውን ከፊት አድርገን እስከ ትምህርት ቤቱ ሄድን። በሩን ከፈትኩላቸው። ደፉ ላይ ቆመው የጫማቸውን ጭቃ አራገፉና፣ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚባለው፣ “ቤቶች” አሉ። ማስተዋል አፏን በነጠላዋ ያዘች። የሚመልስ ሲጠፋ እኔ “ይግቡ አባ” አልኳቸው።

“የእኔዋ የቷ ናት?”

ማስተዋል አሳየቻቸው። ወረቀቱ ደብዝዟል፤ ጎንበስ ብለው ስሟን ፊደል በፊደል አነበቡት። ከአናቷ ላይ አቧራው ወፍሯል። መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና የጋቢያቸውን ጫፍ ያዙ። ከላይ ጀምረው፣ ጠርዝ ጠርዙን፣ ከኋላዋም ሳይቀር ጠረጓት። ልጃቸው ልርዳዎት ብላ እጇን ስትዘረጋ ከለከሏት።

“ብዙ ሰኞ አልፎኛል” አሉ። ለእሷም ለእኔም አልነበረም ያሉት፤ ለወለተ ሚካኤል ነው።